ሰባተኛ ረድፍ ላይ የሚነሳው ሰውዬ

እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ጉልበቴ ነው። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ባለቤቴ ጸዳለ ወሬውን በራሷ መንገድ ታዳርሰዋለች። እሷ ስታወራው ደግሞ በሰባ ዓመቴ ኮንሰርት ቤት ገብቼ ሕዝብ የረበሽኩ ጎረምሳ ሆኜ እቀራለሁ። መረበሹንስ ረብሻለሁ፣ አልክድም። ግን ጥፋቱ የጉልበቴ ነው፤ ጉልበቴን ደግሞ ያሳደገው አባቴ ነው።

አባቴ ቤት ሕግ አልበዛም። ታላቅ ሲገባ ትነሳለህ፣ አለቀ። ሰውየው ዳኛ ይሁን እንጨት ፈላጭ፣ ወዳጅ ይሁን ባለጋራ፣ ከአንተ ቀድሞ ከተወለደ ብድግ ብለህ "ኖር!" ትላለህ፤ እሱም "በእግዜር!" ብሎ እስኪቀመጥ ቆመህ ትጠብቃለህ። እኛ ቤት እንግዳ አይጠፋም ነበርና ትምህርቴን ግማሹን ያጠናሁት ቆሜ ነው። አንዲት የሂሳብ ጥያቄ ሳልጨርስ አራት ጊዜ የተነሳሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። መልሱንም ተሳስቼዋለሁ።

እንዲህ ያለ ጉልበት ይዤ ለትምህርት ስዊድን መጣሁ፤ መጥቼም ቀረሁ። አርባ ዓመት ያህል በአፈር ተመራማሪነት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ለታላቅ የሚነሳ ሰው አላየሁም። እዚህ አገር አንቱታ ከቀረ ቆይቷል፤ ትልቁም አንተ፣ ትንሹም አንተ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ስትገባ ሁሉም እግሩን እንደዘረጋ "ሄይ" ይላታል። እኔ ግን ብድግ። ሴትዮዋ በገባች በወጣች ቁጥር ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ ስል ከርሜ አንድ ሰኞ ጠዋት ብገባ ጠረጴዛዬ የለም። በምትኩ ቁልፍ ሲጫኑት ሽቅብ የሚወጣ፣ ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ተገትሮልኛል። አንዲት የጤና ባለሙያም መጥታ፣ "ወገብህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?" አለችኝ። አክብሮት ነው ብል ማን ይሰማኛል? በዚያው የወገብ በሽተኛ እንደተባልኩ ጡረታ ወጣሁ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ቤዛ አንድዬ ልጃችን ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። አማርኛ አንድ ቃል አያመልጣትም፤ መልሱ ግን በስዊድንኛ ነው የሚመጣው። እኔ በአማርኛ እቆጣለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትከራከራለች፣ እናቷ በሁለቱም ትጸልያለች። ስለዚህ ከዚህ በታች "ቤዛ አለች" ባልኩ ቁጥር በስዊድንኛ እንዳለችው ይታወቅልኝ፤ አማርኛው የኔ ነው።

ከበሮ መምታት የጀመረችው በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መዘምራን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የፊት ወንበር የነበራቸው አረጋውያን በሙሉ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተሸጋሸጉ። እናቷ "ለጌታ ነው፣ ታገሷት" ትላለች። ጌታም ታገሳት፣ ጎረቤትም ታገሳት፣ ሙዚቃ ኮሌጅ ገባች፣ ተመረቀች፣ በመጨረሻም ሶደርተልየ ያለው የአካባቢው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተቀበላት።

ተቀበላት ማለት እንኳ ይከብዳል። "ፕሮቭኦር" የሚሉት የሙከራ ዓመት አለ። አንድ የኮንሰርት ወቅት ሙሉ፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት፣ ያ ሁሉ ሙዚቀኛ አብሮሽ እየተጫወተ ያጠናሻል፤ በመጨረሻ ይሰበሰቡና ድምፅ ይሰጡብሻል። ካለፍሽ ቋሚ ነሽ፤ ካላለፍሽ በይ ደህና ሁኚ። እኛ አገር ሽማግሌ ተልኮ ሴት ልጅ ሲጠየቅ እንኳ ይህን ያህል አይመረመርም። ቋሚ ሥራ ከሌለ ደግሞ ስቶክሆልም ውስጥ የራስ ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው። ቤዛ በሃያ ስምንት ዓመቷ ሁዲንጌ እኛው ቤት፣ የልጅነት አልጋዋ ላይ እግሯን አጥፋ ትተኛለች። እኛ ደስ ይለናል። እሷን ደስ እንደማይላት ግን ከአልጋው ርዝመት መገመት ይቻላል።

ለእኔና ለእናቷ የወቅቱን ሁሉ ወንበር አስያዘችልን፤ ሰባተኛ ረድፍ፣ አስራ ሁለትና አስራ ሦስት ቁጥር። ትኬቱን ስትሰጠን አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

"አባዬ፣ እባክህ፣ እንደ ሰው ዝም ብለህ ተቀምጠህ ስማ።"

"እንደ ሰው? ታዲያ እኔ እንደ ምን ልቀመጥ ኖሯል?" አልኳት። ሲታሰበኝ ልጅቷ ነገሩ ቀድሞ ታይቷታል።

የመስከረሙ መክፈቻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ክራቫት አስሬ፣ ጸዳለ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስድስት ሰው አስከትለን ፔንደልቶግ በሚባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር ሄድን። መንገድ ላይ ባቡሩ ተበላሸና በምትክ አውቶቡስ ገባን፤ እሱ እንኳ ብርቅ አይደለም። ደርሰን ብናይ ስዊድኖቹ ሹራብ ለብሰው መጥተዋል። እኛ ሰርገኛ መስለን ገባን።

ኮንሰርት ቤት ገብታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ወንበሩ ተጣጣፊ ነው። ስትነሱ መቀመጫው በራሱ ሽቅብ ይታጠፍና ከመደገፊያው ጋር ይላተማል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ ታፈላለች። የኛ ቦታ መሀል ስላልደረሰ ወደ ውስጥ የሚገባው ሁሉ በፊታችን ያልፋል፤ የኮንሰርት ታዳሚ ደግሞ አብዛኛው ጡረተኛ ነው። ባለ ሽበት መጣ፣ ብድግ። ባለ ምርኩዝ መጣ፣ ብድግ። ስዊድኖችም ሰው ለማሳለፍ ይነሳሉ፣ እሱስ እውነት ነው፤ ግን ወዲያው ዘጭ ይላሉ። እኔ ሰውየው ኮቱን አጣጥፎ፣ መነጽሩን ፈልጎ፣ አፍንጫውን ተናፍጦ፣ እስኪደላደል ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።

መጨረሻ ላይ የመጡት አስራ አንድ ቁጥር፣ የጎኔ ጎረቤት ናቸው። ጉኔል ይባላሉ፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። አገሬው "ጉኔል" ብሎ ነው የሚጠራቸው። እኔ በአፌ እንደ አገሬው እልና በልቤ "እትዬ ጉኔል" ብዬ አስተካክለዋለሁ። ብድግ አልኩና የኔ ቦታ ይሻላልና እዚህ ይቀመጡ አልኳቸው። ትኬታቸውን አዩ። እኔን አዩ።

"የኔ አስራ አንድ ነው" አሉ።

"ግድ የለም፣ እዚህ በደንብ ይታያል።"

"አስራ አንድ ነው" አሉና ተቀመጡ። የዚያን ቀን ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም።

ሙዚቃው አማረ። ቤዛ ከሁሉም ኋላ፣ ከፍ ያለው መድረክ ላይ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ሲምባል የሚባሉትን ሁለት የናስ ክዳኖች ይዛ ቆማለች። ቆማለች። ቆማለች። አርባ ደቂቃ ያህል ቆማ ቆማ፣ አንዴ "ሸን!" አድርጋ ቁጭ አለች። አብረውን የመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ግርማ በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብለው፣ "እንዲያው ልጅቱ የተቀጠረችው ለዚህች ብቻ ነው?" አሉኝ።

"አውሮፕላን አብራሪም የሚያሳርፈው አንዴ ነው" አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ግን እስከ ሁዲንጌ ድረስ ኮራሁበት።

ነገር የተበላሸው በጥቅምት ነው። በመስከረም ታመው የቀሩት የኦርኬስትራው መሪ ያን ቀን መጡ። ሰማንያን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ይህ ወቅት የመጨረሻቸው እንደሆነ፣ በግንቦት እንደሚሰናበቱ ቤዛ ነግራናለች። በጎን በር ብቅ ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ተቀምጦ! እኚህን የመሰሉ አዛውንት እየገቡ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እግሩን አጣምሮ ቁጭ ብሎ! ጉልበቴ እኔን ሳያማክር ተነሳ። ወንበሩ ከኋላዬ "ጓ!" አለ። ከዳር እስከ ዳር ሰው ተቀምጦ እኔ ብቻ እንደ መብራት ምሰሶ ተገትሬያለሁ።

"እባክህ ተቀመጥ" አለኝ አንድ ሰውዬ ከኋላዬ፣ በሹክሹክታ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በኛ ወግ "ተቀመጥ" ስላሉህ ብቻ እንደ ጆንያ ዘጭ አትልም። በመጀመሪያው "ኧረ ግድ የለም" ትላለህ። በሁለተኛው "ኧረ ደህና ነኝ" ትላለህ። በሦስተኛው ነው እያመሰገንክ የምትቀመጠው። ዞር ብዬ ፈገግ አልኩና፣ "ኧረ ግድ የለም፣ አመሰግናለሁ" አልኩት።

"ተቀመጥ!"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ አትቸገርልኝ።"

በሦስተኛው ምን እንዳለኝ አልጽፈውም፣ ይህን የሚያነቡ ልጆች ይኖራሉ። ተቀመጥኩ። ጸዳለ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፤ ቀና ብል ከመድረኩ ላይ የቤዛን ዓይን አገኘሁት። ወዲያው ወደ ሌላ ዞረች። "አመል ያወጣል ከመሐል" ያሉት አባቶች ኮንሰርት ቤት ሳይገቡ እንዴት እንዳወቁት ይገርመኛል።

ቤት ስንገባ ቤዛ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

"ባልደረቦቼ 'ያ ሰባተኛ ረድፍ ላይ የሚነሳው ሰውዬ ማነው?' እያሉ ይሳሳቃሉ" አለች። "እኔን ጠየቁኝ። አላውቀውም አልኳቸው።"

አላውቀውም! ይህ ነገር ልቤን ወጋኝ፣ አልዋሽም። ጸዳለ ልታጽናናን ብላ፣ "ጴጥሮስም ክዶ ነበር፣ ግን ተመልሷል" አለች። ማንም አልተጽናናም።

"አባዬ፣ የሚመዝኑት የከበሮ አመታቴን ብቻ አይደለም" አለች ቤዛ እንባዋን እየጠረገች። "ከዚህች ልጅ ጋር ሃያ ዓመት አብረን መሥራት እንችላለን ወይ ነው ጥያቄያቸው። እባክህ እስከ ግንቦት ድረስ አትታይ።"

ልምል ስል ጸዳለ መሐላ ኃጢአት ነው ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ ቃል ገባሁ። ቁጭ ብዬ።

ቃል መግባት ቀላል ነው፤ ጉልበት ግን አማርኛ አይሰማም። ልምምድ ጀመርን። ጸዳለ አቶ ግርማን ጠርታ ሳሎኑ በር ላይ አቆመቻቸውና አምስት ጊዜ አስገባቻቸው። አምስቱንም ተነሳሁ። በስድስተኛው እሳቸው ራሳቸው ደክሟቸው መጡና ተቀመጡ። መድኃኒቱን ያገኘችው ቤዛ ናት።

"እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስቆም እጄ እንዳይቸኩል እቆጥራለሁ" አለች። "አንተም ጉልበትህ እንዳይቸኩል ቁጠር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙዚቀኛ ዝም በሚልበት ጊዜ ሥራ ፈቶ አይደለም የሚቆመው፤ አራት አራት ምቱን አንድ እያለ ይቆጥራል። በኅዳር የሚጫወቱት ሙዚቃ ሁለተኛው ክፍል ላይ ቤዛ መቶ ሰማንያ አምስት ድረስ ቆጥራ መቶ ሰማንያ ስድስተኛው ላይ ሲምባሉን መምታት አለባት። አንድ ብትቀድም ጉድ፣ አንድ ብትዘገይ ጉድ። እራት ከበላን በኋላ ሙዚቃውን በስልኳ ትከፍተዋለች፤ እሷ ለጎረቤት ስትል በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት የድስት ክዳኖች ትይዛለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ በጣቴ ጉልበቴን እየመታሁ አብሬያት እቆጥራለሁ። መቶ ሰማንያ አምስት፣ መቶ ሰማንያ ስድስት፣ ዱብ! በሦስት ሳምንት ውስጥ ቆጠራውን ከአባታችን ሆይ እኩል ቻልኩት። ጸዳለ ይህን ስል አልወደደችውም፤ ስለ ክዳኖቿ ደግሞ የበለጠ አልወደደችም።

የኅዳሩ ቀን ደረሰ። በረዶ ጥሎ ነበር፤ ካፖርታችንን ልብስ ማስቀመጫው ዘንድ ሰጥተን ገባን። ጸዳለ ለጥንቃቄ የኮቴን ጫፍ በእጇ ጠቅልላ ያዘች። ሽማግሌው መሪ ብቅ አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ግን አልተነሳሁም! እትዬ ጉኔል ዞር ብለው አዩኝ፤ በሽተኛ የሚያዩ ይመስላሉ። ከቦርሳቸው የጉሮሮ ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። የመጀመሪያው ክፍል እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ንቅንቅ አላልኩም፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን አክብሬ አላውቅም።

ታዲያ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? በአንደኛውና በሁለተኛው ክፍል መካከል አርፍደው ለመጡ ሰዎች በሩ ይከፈታል። ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ፤ ቫዮሊኖቹ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ ይጫወታሉ። እኔም ጉልበቴን በቆጠራ ይዤዋለሁ፤ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ዘጠኝ። በዚህ መሀል አንድ ሰውዬ በኛ ረድፍ ጫፍ ብቅ አሉ። ዘጠና ዓመት ይሆናቸዋል። ባለ ጎማ የመራመጃ ጋሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቦታቸውን አጥተው፣ አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ እያዞሩ ቆመዋል። ዘጠና ዓመት! በዚህ በረዶ!

ጓ!

ወንበሩ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ መድፍ የተተኮሰ መሰለ። ያን ቀን ከልጄ ቀድሜ እኔ መታሁ። ሁለት ቫዮሊን ተጫዋቾች ዘለሉ። ጸዳለ ኮቴን ስትጎትተው ዘጭ አልኩ፤ አንዲት አስተናጋጅ ሽማግሌውን ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ሙዚቃው ቀጠለ። ወደ ቤዛ ቀና አልኩ።

ቤዛ ስትቆጥር ከንፈሯ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን ወጥ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሳምንት አይቻለሁ። አሁን ከንፈሯ ቆሟል። ቆጠራው ጠፋት! በኔ ምክንያት፣ በአባቷ ጉልበት ምክንያት፣ የልጄ የሥራ ዓመት አየር ላይ ተንጠለጠለ። ወደ መሪው ተመለከተች፤ ሽማግሌው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ሲመሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ወደ ባልደረባዋ ተመለከተች፤ እሱ በትልቁ ከበሮው ላይ አቀርቅሯል።

ከዚያ እኔን አየችኝ።

እኔ ደግሞ፣ ይመስገነው፣ ቆጠራዬን አላቆምኩም ነበር። ጉልበቴ ቢነሳም፣ ወንበሩ ቢጮህም፣ ጸዳለ ብትጎትተኝም፣ ጣቴ ጭኔ ላይ መምታቱን አልተወም። መቶ አርባ። መቶ ስልሳ። ዓይኔን ከዓይኗ አልነቀልኩም። ልክ መቶ ሰማንያ ሲሞላ ራሴን ነቀነቅሁላት፤ አላየችም ይሆን? ሰባተኛ ረድፍ ሩቅ ነው፣ የአንድ ሽማግሌ ራስ ቢነቀነቅ ማን ይለየዋል? እሷ ከዚያ ሆና በደንብ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በጥቅምትም ቅድምም አይታዋለች።

ሲምባሎቹን አነሳች። መቶ ሰማንያ አራት። መቶ ሰማንያ አምስት። ቃሌን አፈረስኩ። በሙሉ ቁመቴ፣ በሙሉ ፈቃዴ፣ ተነሳሁ!

ሸንንን!

ልክ ቦታዋ ላይ። ፀጉር ታህል ሳትዛነፍ። ኦርኬስትራው በሙሉ አብሯት ፈነዳ፤ የወንበሬን ጩኸት ማን ሰምቶት? ሲምባሉ ዋጠው። ኋላዬ ያለው ሰውዬ "ተቀመጥ!" አለ፤ ያን ጊዜ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ተቀመጥኩ። የኮቴ ጫፍ ተተርትሮ ጸዳለ እጅ ላይ ቀርቷል።

በመልሱ ባቡር ቤዛ በመሀላችን ተቀመጠች። ፍሌሚንግስቤሪ ስንደርስ፣ "መቶ ሰማንያ ስድስት ነበር?" አለች።

"መቶ ሰማንያ ስድስት" አልኳት።

ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ ደግሞ ቀና አለችና፣ "አባዬ፣ ግን በቃ። የአዳራሹ ኃላፊ ዘንድ አቤቱታ ገብቷል" አለች። አቤቱታው ስም የለውም፤ "ሰባተኛ ረድፍ ላይ የሚነሳው ሰውዬ" ይላል። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ አልኩ። ታኅሣሥን፣ የካቲትን፣ መጋቢትን ሁሉ በቆጠራ አለፍኩ። ምስኪኑ መሪ በገቡ በወጡ ቁጥር እንደ ባለዕዳ አንገቴን ደፍቼ አጨበጨብኩ።

በሚያዝያው ኮንሰርት እረፍት ላይ እትዬ ጉኔል መጡ። ሰባት ወር ጎን ለጎን ተቀምጠን ከከረሜላ በቀር የተለዋወጥነው የለም፤ እዚህ አገር ይህ የጠበቀ ወዳጅነት ነው።

"ለምንድን ነው የማትነሳው?" አሉኝ።

ልብ በሉ፣ ለምን ትነሳ ነበር አይደለም ያሉኝ። ስለ አባቴ ነገርኳቸው፤ ታላቅ ሲገባ ቁጭ እንደማይባል፣ ተነስቶ "ኖር" ማለት ቦታ አለህ፣ ከኛ ጋር ነህ ማለት እንደሆነ። ስለ ልጄም፣ ስለ ድምፅ አሰጣጡም፣ ስለ ቃሌም ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ "ያሃ" አሉ። ስዊድን "ያሃ" ካለ ሰማሁ ማለት ነው፤ ሌላ አትጠብቁ።

የግንቦቱ መዝጊያ መጣ። ሙዚቀኞቹ ያን ቀን ጠዋት ተሰብስበው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ቤዛ ግን ውጤቱን ልትነግረን ስልክ አልደወለችም። ጸዳለ ሦስት ቀን ጾማ ነበር። ባዶ ሆዷን፣ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ እግሯ እየተላጠ መጣች። አልደወለችም ማለት ወድቃለች ማለት ነው እያልኩ፣ አይደለም እያልኩ፣ እያልኩ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

የጎን በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው መሪ ለመጨረሻ ጊዜ ብቅ አሉ። ከዳሌ ቀዶ ጥገና ገና መዳናቸው ነው፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ከበሩ እስከ መሀል መድረክ ያለው መንገድ ለሳቸው ሩቅ ነው። አንድ እርምጃ፣ ቆም። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ሕዝቡ ተቀምጦ ያጨበጭባል። እኔ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ከአባቴ ጋር በልቤ እየተሟገትኩ፣ እንባዬ ይወርዳል።

ጓ!

የኔ አይደለም። አስራ አንድ ቁጥር ነው። እትዬ ጉኔል፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ የፊቱን ወንበር ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ረድፉ ጫፍ ላይ የዘጠና ዓመቱ ሽማግሌ ጋሪያቸውን ተደግፈው ተነሱ። ጓ! ጓ! ከፊት ተነሱ፣ ከኋላ ተነሱ፣ ሰገነቱ ተነሳ። ዞር ብል ያ "ተቀመጥ" ባዩ ሰውዬ ራሱ ቆሞ ያጨበጭባል። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ቀረ፤ እኔ!

ቃል ቃል ነው። ከቆሙት ሰዎች መካከል አንገቴን አሾልኬ ወደ ቤዛ አየሁ። ልጄ ከኋላው መድረክ ላይ ሆና ሁለቱን ሲምባሎች በቀስታ ወደ ላይ አነሳቻቸው፤ ተነስ፣ አለችኝ። ተነሳሁ። እንዴት ያለ መነሳት መሰላችሁ! ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመው ሁሉ ነው አብሮ የተነሳው። ሽማግሌው መሪ መሀል መድረክ ላይ ቆመው ሕዝቡን አዩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ለመጀመር አምስት ደቂቃ ያህል አቃታቸው።

ኮንሰርቱ ሲያልቅ ቤዛ በጓሮ በር አስገባችን። ጠባብ ክፍል ናት፤ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ሽማግሌው መሪ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። እኔ ስገባ ቀና ብለው አዩኝ። ብርጭቆውን አስቀመጡ። ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ተክለው መነሳት ጀመሩ። "ኧረ አይነሱ፣ ኧረ በእግዜር!" እያልኩ ተንደረደርኩ፤ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት እንጃ። አልሰሙኝም። ጊዜ ቢወስድባቸውም ቀጥ ብለው ቆሙልኝ።

"የሰባተኛ ረድፉ ሰውዬ አንተ ነህ" አሉኝ እጄን ይዘው። "በጥቅምት ስትነሳልኝ አየሁህ። ስትተወው ታመመ ብዬ አዝኜ ነበር።"

ቤዛን አየሁ።

"ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ሙዚቀኞቹ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ" አለች። "በኅዳር ቆጠራው ሲጠፋብሽ ምን አደረግሽ አሉኝ፤ ለካ አውቀውት ኖሯል። ሰባተኛ ረድፍ ላይ የሚነሳውን ሰውዬ አየሁ አልኳቸው። አባቴ ነው አልኳቸው።"

"እና?" አለች ጸዳለ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

"ቋሚ ሆንኩ፣ እማዬ። አንድም ተቃውሞ የለም።"

ጸዳለ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው መሣሪያ ሲወድቅበት ሰማሁ። ቤዛ ግን አልጨረሰችም። ወንበሩን ጎትታ ወደኔ አመጣችው፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ራሷን ዝቅ አደረገች፣ ከዚያም በአማርኛ፣ በገዛ አፏ፣ "ኖር፣ አባዬ!" አለችኝ።

"በእግዜር" ማለት ነበረብኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቅኩትን ቃል ሰምቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አልቅሼ ሳበቃ ግን ወግ ወግ ነውና፣ ታላቄ ቆመው እኔ አልቀመጥም ብዬ ወንበሩን ለመሪው አቀረብኩ። እሳቸው እንግዳ ቆሞ እኔ አልቀመጥም አሉ፤ ከየት እንደተማሩት እንጃ። ቤዛ ሁለታችሁ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም አለች። "ኧረ ይቀመጡ።" "አይሆንም፣ አንተ ተቀመጥ።" "ኧረ በፍጹም።" ወንበሩ በመሀላችን ሦስት ጊዜ ዞረ።

ጸዳለ ጥቂት አየችን። ከዚያ በመሀላችን አልፋ ሄዳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ አዲስ ጫማዋን አወለቀች፣ "ተመስገን" አለች። እኛ ሦስታችን ቆመን አጨበጨብንላት።